ያልሮጥኳቸው ደቂቃዎች

«እሮጣለሁ» አልኳት፣ ሴትዮዋም ደስ አላት። ስልኬ ስክሪን ላይ ፊቷ ሲፈካ አየሁት፤ እንዴታ፣ ኢትዮጵያዊት አይደለሽ ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛዋ አለችና አንገቷን ደፍታ ጻፈችው። እኔ አልጋዬ ላይ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ተቀምጫለሁ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ፣ ሆኖም የቬጋስ ፀሐይ በየት በኩል እንደሆነ እንጃ ገብታ ጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን መስመር ታሰምራለች፤ ሌሊቱን ቆሜ ስላደርኩ አሁን መተኛት አለብኝ፣ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከሸሸኝ ወራት ሆኖታል። ሥራዬ የነርስ ረዳትነት ነው። ሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ የኮቪድ በሽተኞች በተኙበት ፎቅ ላይ፣ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። በኅዳር አንድ ሌሊት አንሶላ ላመጣ ዕቃ ክፍል ገባሁና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ መነሣት አቃተኝ፤ አልታመምኩም፣ አልወደቅኩም፣ እግሬን ተነሥ ስለው እንቢ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሺፍቱ አለቃ አገኘችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ በማግስቱ ግን ሠራተኛ የምታማክር ሴትዮ ትደውልልሻለች አለችኝ። ይኸው ደወለች። ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ፣ ስለ ምግቤ ጠየቀችኝ፣ ከማን ጋር ትኖሪያለሽ ስትለኝ ብቻዬን አልኳት፤ ከዚያ ሥራ በማይኖርሽ ቀን ለራስሽ ደስታ ብለሽ የምታደርጊው ምንድን ነው አለችኝ። ለራስሽ ደስታ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ መልስ ስፈልግ አፌ ላይ የመጣው ያ የለመድኩት ውሸት ነው።

የለመድኩት ያልኩት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለአባባ ስነግራቸው ስለኖርኩ ነው። አባቴ ይልማ ደብረ ብርሃን ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሰፈሩን ልጆች እየሰበሰቡ በየማለዳው ያስሮጣሉ። እናታችን የሞተችው እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ወንድሜ ንጉሤ አምስት ዓመቱ ሳለን ነው፤ አባባ እናት የሌላቸው ሁለት ልጆች ይዘው የሚያደርጉት ጠፋቸውና የሚያውቁትን አደረጉ፣ እኔን ማስሮጥ ጀመሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት ሲያስመስለው፣ ጆሮዬ ተቆርጦ የወደቀ እየመሰለኝ፣ ከቤታችን እስከ ወንዙ ሮጬ እመለሳለሁ፤ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፣ ስደርስ ደከመሽ ወይ አይሉኝም፣ ይህን ያህል ገባሽ ነው የሚሉኝ፣ በደቂቃና በሴኮንድ። ክፉ አባት አልነበሩም። ማታ እግሬን በሞቀ ውሃ የሚያጥቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ሹሩባ መሥራት ስለማይችሉ ጎረቤት ይወስዱኝና ተሠርቼ እስክጨርስ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። በሃያ ዓመቴ አዲስ አበባ ስታዲየም አምስት ሺህ ሜትር ሮጬ ሰባተኛ ወጣሁ፤ ሰባተኛ መውጣቴን ለማንም አልነገሩም፣ ስታዲየም መሮጤን ግን ያልነገሩት ሰው የለም።

ዲቪ ሲደርሰኝ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። እግሬ ከሩጫ የራቀው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፣ አባባ ግን አልቀበል ብለው ለአገሩ ሰው ሁሉ ልጄ አሜሪካ ልትሮጥ ሄደች አሉ። እኔ የመጣሁት አልጋ ላነጥፍ ነው። አድራሻ ሆነው የተቀበሉኝ ጋሽ ኃይሉ ናቸው፤ የአባባ የድሮ ተማሪ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ከባለቤታቸውና ከአንድ ልጃቸው ከሐሴት ጋር የሚኖሩ ደግ ሰው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሥራ አስገቡኝ፣ በቀን አሥራ አራት ክፍል አጸዳለሁ፣ ማታ ጉልበቴ አልታጠፍ ይላል። አንድ እሁድ አባባ ደወሉ። ትሮጫለሽ ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው፤ ደክሞኝ ስለነበር ነው፣ አይ ካልኩ ወሬው ስለሚረዝም ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አምስት ሺውን ስንት ገባሽ አሉ። አሥራ ስምንት ደቂቃ። ድካም ነው፣ ይስተካከላል አሉ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ይጠይቁኛል፣ በየወሩ እነግራቸዋለሁ፣ ስዋሽም በሥርዓት ልዋሽ ብዬ ዓመት በመጣ ቁጥር ጥቂት ሴኮንድ እጨምራለሁ፤ ሠላሳ አምስት ሲሞላኝ ሃያ ደቂቃ ደረስኩ፣ ዘንድሮ ሃያ አንድ ከአሥር ሴኮንድ። አባባ አንዱንም አይረሱም። እንደ ዕድሜሽ ነው የወረድሽው፣ ያለ መደናገጥ፣ አሉኝ አንድ ጊዜ ኮርተውብኝ። ለሚያስሮጧቸው ልጆች፣ ጽጌወይን በዚህ ዕድሜዋ ሃያ አንድ ትገባለች እናንተ ታለከልካላችሁ ይሏቸዋል አሉ። ጋሽ ኃይሉ ለዘመድ ጥየቃ ሄደው ሲመለሱ ዓይን ዓይኔን ማየት አፍረው፣ አባትሽ ትሮጣለች ወይ ሲሉኝ ሁልጊዜ ነው አልኳቸው፣ ምን ልበላቸው ታዲያ አሉኝ። ይህን ያህል ሰው ያስዋሸሁት እንግዲህ ጉልበቴን ስላመመኝ ነው።

አማካሪዋ ስትሰናበተኝ በሁለት ሳምንት እንደምትደውልና ስንት ቀን እንደሮጥኩ እንደምትጠይቀኝ ነገረችኝ። አሁን ሁለት ሰው ይጠይቀኛል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለምን አልሮጥም አልኩ፤ ብሮጥ ውሸቱ ከዛሬ ጀምሮ ውሸት መሆኑ ይቀራል፣ የድሮው ቢቀር የወደፊቱ ይጠራል። በማግስቱ ከሺፍት ስወጣ የሥራ ጫማዬን እንኳ አልቀየርኩም፣ ቤቴ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ስለሆነ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በእግረኛ መንገዱ ጀመርኩ፤ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን አልፌ፣ ተማሪ የሌለበትን ዩኒቨርሲቲ አልፌ፣ ሁለት መብራት ያህል ሄድኩ። እግሬ አልረሳም ነበር። ያስገረመኝ እሱ ነው፣ ተረከዜ ከኔ ቀድሞ ያስታውሳል፣ ክንዴ በራሱ ታጥፎ ቦታውን ይይዛል፣ አንድ አፍታ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ መተንፈሴን ሰማሁት። ማስኩ ውስጥ ሃህ ሃህ ሃህ ይላል፣ ያ ድምፅ የኔ አይደለም፣ የአሥራ ሁለት ቁጥር አልጋው ሽማግሌ ነው፣ በሆዷ አስተኝተናት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ፊሊፒናዊት ነች፣ ጥግ ላይ ያለው ቁመቱ ከአልጋው የሚተርፍ ወጣት ነው። ሌሊት ሌሊት ሥራዬ እኮ እሱን መቁጠር ነው፤ በአልጋው ግርጌ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ትንፋሽ እቆጥራለሁ፣ በደቂቃ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ነርሷን እጠራለሁ፣ ከዚያ አንዳንዴ አልጋው ባዶ ይሆናል። የአውቶቡስ ማቆሚያውን ብረት ይዤ ቆምኩ። የራሴን ትንፋሽ ሳላስበው ቆጠርኩት። አንድ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ደህና ነሽ ወይ አለኝ፣ ደህና ነኝ አልኩትና እያዘገምኩ ተመለስኩ፣ እቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። አማካሪዋ ስትደውል አራት ቀን ሮጥኩ አልኳት።

ሐሴት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው፣ እናቷ የላከችልኝን ምግብ ይዛ። እኔ ስመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ይኸው ሃያ ሦስት ሞላት፣ እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋን ከኩሽና የለቀመችው ናት፤ ትምህርቷ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ልትፈነዳ ደርሳለች። በር ላይ በርቀት ቆመን ስናወራ ለማንም ያልነገርኩትን ለሷ ነገርኳት፣ ለመሮጥ ሞክሬ እንዳቃተኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ብዙም አላሰበችበትም፤ ሩጫ ቦሪንግ ነው አለች፣ በየሳምንቱ ጓደኞቿን ይዛ ቻርልስተን ተራራ በረዶ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱበትን ስኖውቦርድ ትጫወታለች፣ ከነሱ ቤት ብዙም አይርቅም። «እኔ አስተምርሻለሁ» አለችኝ። «አንቺ ብቻ ና።» የሴትና የወንድ አጠራር አትለይም፣ የማርማት እኔ ነበርኩ፣ ያን ቀን ግን አላረምኳትም።

ከዚያ ስንት ጠዋት ተጋድሜ ሁለቱን ሳመዛዝን ከረምኩ። ሩጫ ጫማና መንገድ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም፣ ብቻህን ወጥተህ ብቻህን ትገባለህ፤ ግን ትንፋሽ አለው፣ ደግሞም የኔ አይደለም፣ የአባባ ነው፣ ገና አንድ እርምጃ ሳልሄድ በር ላይ ቆመው ይታዩኛል። በረዶው የማንም አይደለም። በእንጨት ላይ ቆሞ ቁልቁል መንሸራተት ደብረ ብርሃን ቢሰማ፣ ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው በዚህ ዕድሜዋ ይባላል፤ እግሯን ሁለቱን አስራ ገደል የምትገባ። ጃኬትና ሱሪ ከሐሴት እዋሳለሁ፣ ጓንት ጋሽ ኃይሉ አላቸው፤ ብወድቅስ፣ እጄ ቢሰበርስ ሥራ ማን ይገባልኛል፣ ኦቨርታይሙስ፣ ሰው በሚሞትበት ጊዜ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ኦክስጅን ላይ ተኝቶ እኔ ስንሸራተት። ሩጫ ቢያንስ ቅጣት ይመስላል፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቢሮጥ ማንም አያማውም። እንዲህ እያልኩ እንቅልፍ ሳይመጣ እኩለ ቀን ይሆናል፣ ከዚያ ተነሥቼ ገላዬን ታጥቤ ወደ ሥራ የምሄድበትን ሰዓት እጠብቃለሁ።

በገና ሰሞን ንጉሤ ደወለ። አባባን ትንሽ ጉንፋን ይዟቸዋል አለኝ። ትንፋሻቸውን ቁጠርልኝ አልኩት፣ በደቂቃ ስንት እንደሆነ። ንጉሤ፣ «እትዬ፣ እዚህ ሰው ጉንፋን ሲይዘው ዝም ብሎ ይተኛል» አለኝ። አባባ ስልኩን ተቀበሉ፣ ድምፃቸው ተልፈስፍሷል፣ የጠየቁኝ ግን ያንኑ ነው፣ ነገርኳቸው፣ ሃያ አንድ ከአሥር። በርቺ አሉ። ሳል አቋረጣቸው። እኔ ያን ሳል አውቀዋለሁ፣ ስምንት ወር ሙሉ የሰማሁት ሳል ነው፣ አውቄ አላወቅሁም አልኩ። ሐኪም ቤት ውሰዳቸው ማለት ነበረብኝ፣ መጮኽ ነበረብኝ፣ በማግስቱ የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ስልኬን ይዤ መቀመጥ ነበረብኝ። በማግስቱ ከሐሴት ጋር በረዶ ሄድኩ።

ከሴንቴኒያል ሂልስ ወጥተን አሸዋውንና እሾሃሙን ቁጥቋጦ እያቋረጥን ስንሄድ ሐሴት ሙዚቃ ከፍታለች፤ መንገዱ ወደ ተራራው ሲታጠፍ ጥዱ መጣ፣ ጥዱ ላይ ነጭ ነገር መጣ፣ ከዚያ ሁሉም ነጭ ሆነ፣ ስልኬን ሳየው ኔትወርክ የለም። እፎይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እፎይ ነው ያልኩት። ብርዱ የማውቀው ብርድ ነው፣ አፍንጫ የሚቆነጥጠው የሰላሌና የደብረ ብርሃን ዓይነት። ሐሴት ሁለት እግሬን ሰሌዳው ላይ አሰረችልኝና መጀመሪያ አወዳደቅ አስተማረችኝ፤ በእጅሽ አትደገፊ፣ በቂጥሽ ቁጭ በይ አለችኝ፣ ይቺኛዋን አማርኛ በደንብ ታውቃታለች። ቆምኩ፣ ወደቅሁ። ቆምኩ፣ አሁንም ወደቅሁ። ሰባት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች በጎኔ ሽው ይላሉ፣ እኔ እንደ በግ እየተንከባለልኩ ነው፣ በረዶው ባንገቴ ገብቶ በወገቤ ይወጣል። ስምንተኛው ላይ ይሁን ዘጠነኛው ላይ ቆምኩና ሰሌዳው ይዞኝ ሄደ፤ አልሮጥኩም፣ አልደከምኩም፣ ትንፋሼ አልተሰማኝም፣ ምናልባት አሥር ሜትር ያህል መሬቱ በራሱ ወሰደኝ። ከዚያ አንድ አጥር ላይ ሄጄ ተለጠፍኩ። ሳቅሁ። ሐሴት ልታነሣኝ ስትመጣ እየሳቅሁ ነው፣ ማቆም አቃተኝ፣ እሷም ሳቀች፣ በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን እስኪያመኝ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን።

ስንመለስ ሜዳው ላይ ኔትወርክ ሲገባ ስልኬ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ንጉሤ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። ሐሴት ፊቴን አይታ መኪናዋን ከመንገድ አወጣችና አቆመች። ደወልኩ። እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ንጉሤ ሆስፒታል ገብተናል፣ ኦክስጅን አድርገውላቸዋል፣ ሲጠሩሽ ነው ያመሹት አለኝ፣ የት ነበርሽ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ቃላቸው ከመምጣቱ በፊት ትንፋሻቸው መጣ። ቆጠርኩት። ልቆጥረው አስቤ አይደለም፣ እጄ ሰዓቴን ገልጦ አየ፣ ሠላሳ ስምንት ነው፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ሲሆን ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። በሆስፒታሉ ሌሊቶች ለበሽተኞቹ ታብሌት ይዤላቸው ቆሜ ቤተሰቦቻቸው ሲያወሯቸው ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ይዋሻሉ፣ ትድናለህ ይላሉ፣ በሳምንቱ ቤትህ ትገባለህ ይላሉ፣ ሟቹም እያወቀ አዎ ይላል፣ እኔ ጥግ ቆሜ የኔ ቀን ሲመጣ አልዋሽም እያልኩ ለራሴ እምል ነበር። ያም ሆኖ በዚያ መሐላ ብቻ አይመስለኝም የተናገርኩት። ፀጉሬ በበረዶ ርሶ ነበር፣ ሆዴ ከሳቅ የተነሣ ገና ያመኛል፣ ቀሎኝ ነበር፤ ቀሎኝ ስለነበር እውነቱ ቀለለኝ።

«ዛሬ ሮጥሽ?» አሉ አባባ።

«አልሮጥኩም አባባ።»

«ነገ ትሮጫለሽ።»

«አልሮጥም። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ሮጬ አላውቅም። ደቂቃዎቹን ሁሉ ከራሴ ነው የነገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ትንፋሽ ብቻ ነው የተሰማኝ። ያልገባቸው መስሎኝ ልደግመው ነበር፣ ሐሴት መሪውን ይዛ ወደ ፊት ታያለች፣ መኪና በጎናችን ያልፋል። ገብቷቸዋል።

«ለልጆቹ» አሉ፣ ቆሙ፣ ተነፈሱ፣ «ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ?»

  ንጉሤ ስልኩን ወሰደና ደክመዋል፣ ነገ ደውዪ አለኝ። በነጋታው ስደውል መናገር አይችሉም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሺፍት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኃይሉ፣ ባለቤታቸውና ሐሴት ማስካቸውን አድርገው ተደርድረው ቆመዋል፤ ጋሽ ኃይሉ በጠዋት መጥተው አያውቁም፣ ነጠላ ያደረጉ ሴት ይዘው በጠዋት ሦስት ሆነው በር የሚያንኳኩ ሰዎች የሚሉትን ሳይሉ አወቅሁት። ንጉሤ ለኔ አልደወለም፣ ለሳቸው ነው የደወለው፣ እንደ አገሩ ደንብ። ጋሽ ኃይሉ አባትሽን እግዜር ወሰዳቸው ብለው እሳቸው ቀድመው አለቀሱ። ለቅሶው ሴንቴኒያል ሂልስ ጓሯቸው ውስጥ ተራርቀው በተቀመጡ ስምንት ወንበሮች ላይ ሆነ፣ ሰው እየመጣ ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እግዜር ያጥናሽ ብሎ ይሄዳል። አንዷ ሴት ሯጭ ነሽ አሉ፣ ጠንካራ ነሽ ትችዪዋለሽ አለችኝ።

ቀብሩን በስልክ አየሁት፣ ምስሉ እየቆመ። ልጆቹ ቱታቸውን ለብሰው ከኋላ ሲሄዱ አየሁ፣ አንድ አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ ንጉሤ ከፊት ሆኖ ሰው ያስተናግዳል፣ ዓይኑ ደረቅ ነው። ከዚያ በኋላ አልደወለልኝም። እኔ ስደውል ደህና ነኝ ይላል፣ ሰው አለብኝ ይላል፣ ይዘጋል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዞላቸው ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። እኔም ተጋድሜ ያንኑ አንድ ነገር ሳገላብጥ ቀኑ ይመሻል፤ እውነቱን የተናገርኩት ለሳቸው ነው ወይስ ለኔ፣ ሃያ አንድ ከአምስት ብላቸው ምን ይጎድልብኝ ነበር፣ አምስት ሴኮንድ አሻሽላ ገባች ብለው ይሞቱ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የዋሸ ሰው አንዲት ሌሊት መጨመር እንዴት ያቅተዋል። ያ ሁሉ የበሽተኛ ቤተሰብ ትድናለህ ሲል አያውቅም ብዬ ስፈርድበት፣ ለካ እሱ ከኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። ደግሞ ተነሥቼ ሌላውን አስባለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እውነተኛዋን እኔን ሳያውቁ ይሂዱ ነበር ወይ፣ የሚወዷት ልጅ እኮ እኔ አልነበርኩም፣ በስልክ የሠራኋት አንዲት ሴት ናት። ይህም አያጽናናኝም።

እስከ አርባቸው ጥቁር ለብሼ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ አልኩ። አማካሪዋ በየሁለት ሳምንቱ ትደውላለች። በየካቲት መጨረሻ አንድ ጠዋት ሩጫው እንዴት ነው ስትለኝ አልሮጥም አልኳት፣ ስጀምርም ዋሽቼሽ ነው፤ ትንፋሼን መስማት አልችልም፣ ሲያለከልክ በሽተኞቹ ይመጡብኛል፣ አባቴም በዚያ ድምፅ ነው የሄዱት አልኳት። ታዲያ ሌላ ምን አለ አለችኝ። አንዴ በረዶ ላይ ስኖውቦርድ ሞክሬ ነበር፣ ሳቅሁ፣ የሳቅሁት አባቴ እየሞቱ ሳለ ነው አልኳት። ያንን ጻፊው፣ ልብሽ ከፈቀደ አንድ ቀን ትመለሺበታለሽ አለችኝ። ጻፍኩት፣ በስልኬ በላከችልኝ ፎርም ላይ፣ ሩጫን ሰርዤ። በመጋቢት መጀመሪያ፣ በረዶው ሳያልቅ፣ ሐሴትን ውሰጂኝ አልኳት። መንገድ ላይ ሙዚቃ አልከፈተችም። ብዙ ጊዜ ወደቅሁ፣ ያን ቀን አልሳቅሁም፣ ግን እስኪዘጋ ድረስ አልወጣሁም።

ዛሬ ጠዋት ንጉሤ ራሱ ደወለ። እዚያ አመሻሽ ነው፣ ከኋላው ውሻ ይጮኻል፣ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። እትዬ አለኝ፤ የሚመጣውን ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከስልኩ በኋላ አባባ ምን አሉ ብዬ ልጠይቀው ሁለት ወር ፈርቼ ነበር፣ ዛሬ ጠየቅሁት። «ስለ አንቺ ምንም አላሉም» አለኝ። «ውሃ ብቻ ነው የጠየቁኝ።» ልጆቹስ አልኩት። ልጆቹ ለተወሰነ ጊዜ በር ላይ እየመጡ ሲቆሙ ከርመው ቀሩ፣ አንዷ ብቻ ጽጌወይን እንዴት ናት አለችኝ፣ ደህና ናት አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት አለ።  ከዚያ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ ሲያስበው በኖረ ሰው ድምፅ፣ እንዲህ አለኝ።

«እኔ እኮ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ በየማለዳው ወንዙ ዳር ቆሜ ነው ያደግኩት። አንቺ ደርሰሽ መታጠፍሽን አይቼ ለአባባ እንድነግር። አንተስ መሮጥ ትፈልጋለህ ያለኝ የለም።»

«ትፈልግ ነበር?»

«እንጃ። አልተጠየቅኩማ።»

ቆሞ መጠበቁን አውቅ ነበር፤ በብርድ መቆሙን ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም፤ እኔ እኮ ስለምሮጥ ይሞቀኝ ነበር። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝና ያ በረዶ ላይ የምትሄጂበት ነገር እንዴት ነው የሚሆነው አለኝ። ጋሽ ኃይሉ ነግረውታል። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። ነገርኩት። መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እግርህን ሁለቱን አንድ ሰሌዳ ላይ ታስራለህ፣ ጣትህ እስኪደነዝዝ፣ ከዚያ በጎንህ ትቆማለህ እንጂ ፊት ለፊት አይደለም፣ ዓይንህን ወደምትሄድበት ታደርጋለህ፣ ተረከዝህ ላይ ብዙ ከተጫንክ ይጥልሃል፣ ጣትህ ላይ ከተጫንክም ይጥልሃል። ከዚያስ ይለኛል። ከዚያ ጥቂት ትሄዳለህ። ጎበዝ ነሽ ታዲያ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ አገር ስለዚህ ዓይነት ነገር ስጠየቅ ከዚያች አንድ ጊዜ በቀር እውነት መልሼ አላውቅም።

«አይደለሁም» አልኩት። «እዚያ ተራራ ላይ ካለው ሰው ሁሉ የባስኩት እኔ ነኝ። ሕፃናት ያልፉኛል።»

ንጉሤ ሳቀ። የልጅነት ሳቁ ነው፣ በአፍንጫው ጀምሮ የሚፈነዳው፣ ስንት ዓመት ያልሰማሁት፣ እኔንም ሊያስቀኝ ጀመረ፤ እየሳቀ ድምፁ ተሰበረ፣ መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ደነገጥኩ፣ አይደለም፣ እያለቀሰ ነው። ለቅሶ ደራሽ ሲያስተናግድ፣ ድንኳን ሲያስተክል፣ አርባ ሲያወጣ ያላለቀሰውን ይኸው ዛሬ ከሰው ፊት ርቆ ያወጣዋል። በቃህ አላልኩትም። አይዞህ እንኳ አላልኩትም። እስኪወጣለት ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳዳምጠው፣ እዚህ ፀሐዩ ሲከር፣ እዚያ ሲመሽ፣ ሁለታችንም ሳንዘጋው ቆየን።